ራዳር ዲሽ አይደለም፦ ድሬ ተበይዶ ጅቡቲ የተሰቀለው አንቴና ከ9 ወር በኋላ

ሥራዬ ድሬዳዋ ከዚራ ቲቪ መጠገንና ዲሽ መትከል ነው። ባሕር የለንም፤ ደቻቱም ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ብቻ ነው። ታዲያ የጀልባ ራዳር፣ ሞገድ ልኮ ነገር ነክቶ ሲመለስ በጨለማም የሚያሳየው ዕቃ፣ ከኔ ጋር ምን አገናኘው? የእህቴ ባል። ኑሮው ጅቡቲ ነው፤ 9 ሜትር የምትሆን ፋይበር ጀልባ አለችን፣ ግማሽ ገንዘቡ የኔ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን አርታ ዳርቻ ይወስዳል፣ ሌላ ጊዜ ሙሻ ደሴት። አንድ ማታ ሲመለስ መብራት የሌላት የአሣ አጥማጅ ሁሪ (ትንሽ ጀልባ) ጋር ሊላተም ለጥቂት ተረፈ። በነጋታው ደወለልኝ፦ "አቦ፣ ራዳር እንግዛ።" ጥቅምት ላይ ገዛን። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነባለች።

ዕቃው ከእንጀራ ምጣድ አነስ የሚል ነጭ ክብ ነገር ነው። አንቴናው ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ይሽከረከራል። 4 ኪሎዋት የሚለውን ሳይ ባትሪያችን አለቀለት ብዬ ነበር። ለካ 4 ኪሎዋቱ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ለማይበልጥ ቅጽበት የሚተኮስ ምት ነው፤ ከባትሪው የሚጠጣው 40 ዋት አካባቢ ነው፣ አንድ የድሮ አምፖል። ሲበራ ማግኔትሮኑ፣ ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል፣ እስኪሞቅ አንድ ደቂቃ ተኩል ያስጠብቃል። መጀመሪያ ያናድዳል፣ አሁን ገመድ እስክንፈታ ይደርሳል።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ በቃ። የለፋሁት አንቴናው የሚሰቀልበት ፖል ላይ ነው።

እንደ ዲሽ ሠራተኛ አሰብኩት፦ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። የእህቴ ባልም 6 ሜትር ይሁን አለ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ራዳር ባሕሩ ጋ ያለውን አድማስ የሚያይበት ርቀት በኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ የአንቴናው ከፍታ ስኩዌር ሩት በ2.2 ሲባዛ ነው። ከውሃው 4 ሜትር ላይ 4.4 ማይል፣ 6 ሜትር ላይ 5.4 ማይል። ሁለት ሜትር ሙሉ ብረት ጨምረህ አንዲት ማይል! በዚያ ላይ ጨረሩ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ 25 ዲግሪ ብቻ ስለሚከፈት፣ ከፍ ባልክ ቁጥር እግርህ ሥር ያለውን አታይም፤ 4 ሜትር ላይ የመጀመሪያው 18 ሜትር፣ 6 ሜትር ላይ 27 ሜትር ገደማ ያመልጥሃል። እኛን የሚያስፈራን ደግሞ ሩቅ ያለው መርከብ ሳይሆን አጠገባችን ያለው ሁሪ ነው። ትንሽ ጀልባ አናት ላይ ክብደት ሲጨመርባት ምን ያህል እንደምትወዛወዝ ለመናገር ባሕርተኛ መሆን አያስፈልግም። 4 ሜትር ላይ ተስማማን።

ፖሉን ያሠራሁት ድሬ፣ ሳቢያን ያለ በያጅ ጋ ነው። ስቴንለስ ቱቦ፣ ሦስት እግር። ጋሼ በያጁ "ለዲሽ ይሄ ሁሉ ስቴንለስ? ሀብታም ሆነሃል እንዴ?" አሉኝ። በአይሱዙ በደወሌ በኩል ተላከ፣ እኔ በባቡር ተከተልኩ። ሁሉን ስቴንለስ አድርጌ አራት ሮንዴላ ግን ከኪሴ ያለውን ተራ ብረት ከተትኩ። በሦስት ሳምንት ዝገታቸው ነጩን ፖል ቡና የፈሰሰበት ጀበና አስመሰለው።

ልብ በሉ፣ ዲሽ አንድ ሳተላይት አግኝቶ ይታሰራል፤ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከገባልህ መሰላሉን አጥፈህ ትወርዳለህ። ይሄኛው ግን ዙሪያውን ነው የሚያየው። ዙሪያውን በጨረሩ መንገድ የቆመ ብረት ሁሉ ከኋላው ጥላ ይጥላል። "ፊት" የሚለው ምልክትም ከጀልባዋ አፍንጫ ጋር ልክ መግጠም አለበት። እኔ በዓይኔ አስተካክዬ በውሃ ልክ ለክቼ ወረድኩ። ወደ አንድ ተንሳፋፊ ምልክት ቀጥ ብለን ስንሄድ ስክሪኑ 6 ዲግሪ ወደ ግራ አሳየው። ስድስት ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ሦስት ማይል ላይ ከ500 ሜትር በላይ ስህተት ነው። በሜኑ ይስተካከላል፣ ብሎን መፍታት አያስፈልግም። እዚያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ፊውዙን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት።

የካቲት ላይ ጉድ መጣ። ጠዋት ጠዋት ስክሪኑ አንቴናው የለም ይላል፣ ቀትር ላይ ተመልሶ ይሠራል። ዕቃውን ረገምኩት። ጥፋቱ የኔ ነበር። ገመዱ ወደ ጀልባዋ ሆድ የሚገባበት ቦታ ያለውን ኮኔክተር እንደ ድሬ ልማዴ በሲልከንና በናስትሮ ነበር የጠቀለልኩት። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን መዳብ ይበላል። ስፈታው ከስምንቱ ፒኖች ሁለቱ በአረንጓዴ ዱቄት ተሸፍነዋል፤ ጥፍሬ ላይ ቀረ። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መታው፣ ሲወጠር እርስ በርሱ በሚዋሃድ የጎማ ቴፕ ጠቀለልኩት። ገመዱንም ከመግቢያው በታች እንደ አንገት ሐብል አንጠለጠልኩት፤ ውሃው እዚያ ታች ደርሶ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። ከሽፋኑ ሥር ያለችዋን ቀዳዳም ልደፍናት ነበር፤ ለካ የላበው ውሃ የሚወጣባት ናት።

ሰኔ ላይ ካምሲን፣ አቧራ የሚያመጣው ሞቃት ነፋስ፣ ሲጀምር ነው ገንዘባችን የተመለሰው። አቧራው ወደቡን ሲውጠው የእህቴ ባል ስክሪኑን አይቶ ገባ። አቧራ ለሦስት ሴንቲ ሜትር ሞገድ ምንም አይደለም። ማዕበል ግን ነገር ነው፤ ማዕበሉ ስክሪኑ ላይ የሚፈጥረውን ጫጫታ ለማጥፋት ማጣሪያውን ስትጨምር ሁሪዎቹም አብረው ይጠፋሉ፣ እንጨትና ፋይበር ሲጀመርም በደንብ አይመልስም። የገዛነው ለነሱ ነበር እኮ! ይሄ የዚህ ራዳር ብቻ ችግር አይደለም፣ ግን ሻጩ አልነገረንም።

መፍትሔው ከድሬ ወጣ። ሦስት የላሜራ ሳህኖች፣ እርስ በርሳቸው ልክ 90 ዲግሪ ሆነው ሲጋጠሙ ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሱታል። መጋላ ያለ ቆርቆሮ ሠሪ አንድ ሠራልኝ፤ የመጀመሪያው ጠመም ብሎ ዋጋ አልነበረውም፣ ሁለተኛውን በማዕዘን መለኪያ አስጨነቅሁት። አንድ አሣ አጥማጅ ጎረቤታችን ሁሪው ላይ በዘንግ ሰቀለው። በፊት ሁሪው ግማሽ ማይል ላይ ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ አሁን አንድ ማይል ተኩል ላይ ቁልጭ ያለች ነጥብ ናት። ጓደኞቹ አይተው አሥራ አንድ አዘዙ። ሰባቱ ተሠርተው አልቀዋል፣ ሐሙስ አይሱዙው ላይ ይጫናሉ።