የቱዲ ጄል ማሽናችን ከወራት በኋላ፦ ትልልቅ ፕሮቲን ላይ ሲደርስ

እዚህ ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምንሰራበት የቱዲ ጄል ማሽን (ፕሮቲኖችን በሁለት ዙር ጄል ላይ የሚለይ መሳሪያ) የሚጠይቁኝ ስለበዙ ሀሳቤን ልጻፈው። ለትንንሽና መካከለኛ ፕሮቲን ሸጋ ነው፣ ትልልቁ ላይ ግን ሻጩ እንዳወራው አይደለም።

አሰራሩ ተመራማሪው ኦፋሬል በፈረንጆቹ 1975 ካሳየው ብዙም አልራቀም፣ መጀመሪያ ፕሮቲኑ ስትሪፕ (ቀጭን የአክሪላማይድ ጄል ቁራጭ) ላይ በኤሌክትሪክ ቻርጁ ይለያል፣ ከዛ ስትሪፑን ኤስዲኤስ (ፕሮቲኑን የሚዘረጋ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ያለበት ጄል አናት ላይ አስተኝታችሁ በክብደት ትለያላችሁ። ከስጋ ቤት ያመጣነውን የበሬ ስጋ ስናስኬድ አክቲን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን 42 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ወደ 220 የሚጠጋው ማዮሲን ሄቪ ቼይን ግን የለም! ጡንቻ ውስጥ እንደ ልብ የሞላ ፕሮቲን እኮ ነው። የተጠቀምንበትን ስትሪፕ ራሱን ኩማሲ (ፕሮቲንን ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም) ውስጥ ስነክረው ሳምፕሉ የገባበት ጋ ወፍራም ሰማያዊ ጭረት ተጋድሞ አገኘሁት፣ ለካ ስትሪፑ ውስጥ ገብቶ አልተጓዘም፣ የአክሪላማይዱ ቀዳዳ ጠብቦበት እዛው ቀርቷል።

ፕሮቲኑን በምናሟሟበት 7 ሞላር ዩሪያ ላይ 2 ሞላር ታዮዩሪያ መጨመርና ስትሪፑን በ50 ቮልት እያስኬዱ ማርጠብ ትንሽ ያግዛል። ለውጥ ያየሁት ግን የመጀመሪያውን ዙር ስትሪፕ ትተን ቀዳዳው ሰፋ ባለው በአጋሮዝ ጄል ስንሰራ ነው፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከ4 እስከ 15 ፐርሰንት ግራዲየንት (ከላይ ወደ ታች ቀዳዳው እየጠበበ የሚሄድ ጄል) አደረግነው፣ ማዮሲኑ መጣ። አጋሮዙ ግን ልፍስፍስ ነው፣ ሲያነሱት ይበጠሳል፣ እጅ ይፈልጋል።

የደሴ ብርድ ሌላ ጣጣ ነው፣ ጠዋት ስንገባ ኤስዲኤሱ ነጭ ሆኖ ረግቶ፣ ዩሪያውም ክሪስታል ሰርቶ ይጠብቀናል (ኮምቦልቻ ያሉት ይሄን አያውቁትም፣ ሙቀት አላቸው)። ኤስዲኤሱን ሞቅ አድርጉት ችግር የለም፣ ዩሪያ ያለበትን ሳምፕል ግን ከ37 ዲግሪ በላይ እንዳታሞቁት፣ ካርባሚሌሽን (ዩሪያው ፕሮቲኑ ላይ ተጣብቆ ቻርጁን መቀየር) ይመጣና አንዱ ፕሮቲን ተደርድሮ እንደ ብዙ ፕሮቲን ይታያል።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ማሽኑ ካቆመበት አይቀጥልም፣ የተሰበሰበው ፕሮቲን መልሶ ይበተናል፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የግድ ነው።

ዋና ስራችሁ ከ150 ኪሎዳልተን በላይ ከሆነ ለስትሪፕ ማሽን ይሄን ሁሉ ብር አታውጡ፣ እኔ ብሆን ተራ ግራዲየንት ጄልና ደህና ፓወር ሰፕላይ እገዛ ነበር። የምትገዙ ከሆነ ትርፍ ጋስኬት (ገንዳው እንዳያፈስ የሚያሽግ ጎማ) አብራችሁ እዘዙ፣ የኛ ገንዳ ከወዲሁ ማፍሰስ ጀምሯል።