ራሱን ለሚነቀንቅ ፈረስ የአፍንጫ መረብ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

መረቡ ይሰራል። ግን በከፊል ነው የሚሰራው፣ ራስ የሚያስነቀንቀውን በሽታም አያድንም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው ገዝቶ አንድ ሁለት ቀን ይሞክርና ወይ "ተአምር ነው" ወይ "ገንዘቤን በላኝ" ሲል ስለምሰማ ነው። እኔ ከመጋቢት ጀምሮ በጋውን ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፤ አሁን የምጽፈው ረጋ ብዬ አይቼው ነው።

ፈረሴ ዳማ ይባላል፣ መልኩም ዳማ ነው። ሰንጋ ማለትም የተኮላሸ ወንድ ነው፣ ዕድሜው ወደ አስር ዓመት ይጠጋል። የምንኖረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳክራሜንቶ አካባቢ ሲሆን የበጋው ፀሐይ አይጣል ነው። በሶምሶማ ደህና እየሄደ እያለ ድንገት አፍንጫው ውስጥ ንብ እንደገባበት ሁሉ ራሱን ወደ ላይ ይወረውር ጀመር። ያንኮራፋል፣ ያስነጥሳል። ቆም ስንል ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን የፊት እግሩ ላይ ይፈትጋል። አንድ አሰልጣኝ "እምቢተኛ ሆኗል፣ ጠንከር ያለ ልጓም ግዢለት" አለኝ። አልገዛሁም። ለማንም ሰው አልመክርም፤ ይሄ የጠባይ ችግር ሳይሆን ሕመም ነው።

ሕመሙ የሚመጣው ከትራይጀሚናል ነርቭ ነው። የፊትንና የአፍንጫን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ትልቁ ነርቭ እሱ ነው። በነዚህ ፈረሶች ላይ ነርቩ ለጤነኛ ፈረስ ምንም በማይመስል ነገር ይቀሰቀሳል። ብርሃን፣ ንፋስ፣ አቧራ፣ የአበባ ብናኝ ይበቃዋል። ነርቩ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ግን ጉዳት አይታይበትም። የተበላሸው አሠራሩ ነው። ብዙ ፈረሶች ወቅቱ ሲያልፍ ደህና ሆነው በሚቀጥለው ፀደይ እንደገና የሚጀምራቸውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የዩሲ ዴቪስ (በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች የ109 ራሳቸውን የሚነቀንቁ ፈረሶችን ባለቤቶች ጠይቀው ነበር። 78ቱ ሰንጋ ነበሩ፤ ሕመሙ የጀመራቸውም በአማካይ በ9 ዓመታቸው ነው። ያንን ሳነብ ዳማን በቁሙ ያየሁት መሰለኝ።

መረብ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ይየው። የጥርስ ችግር፣ የጆሮ ተባይ፣ የዓይን ሕመም፣ የሳይነስ ኢንፌክሽን፣ የማይስማማ ኮርቻ፣ ሁሉም ራስ ሊያስነቀንቅ ይችላል። የኛ ሐኪም አፉንና ጆሮውን አየች፣ በአፍንጫው ካሜራ አስገብታ ተመለከተች፣ በመጨረሻም የላይኛውን መንጋጋ ነርቭ በመርፌ አደነዘዘችው። ሲደነዝዝ መነቅነቁ ቀነሰ። እሱ ነው ምንጩን የነገረን።

አሁን ወደ መረቡ። የኔ ግማሽ መረብ የሚባለው ነው። አፍንጫውን ከላይ ይሸፍናል እንጂ አፉን አይዘጋም፣ ስለዚህ ለብሶት ሳር መጋጥም መጠጣትም ይችላል። ከልጓሙ የአፍንጫ ጠፍር ጋር በቬልክሮ ይያያዛል። ዋጋው እንደ ሱቁ ቢለያይም የአንድ ሐኪም ጉብኝት ሩብ እንኳ አይሆንም። ለምን እንደሚሰራ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ መረቡ አፍንጫውን ሳያቋርጥ ቀስ ብሎ ስለሚነካው ያ ንክኪ የሕመሙን መልእክት ይጋፋዋል የሚል ነው። ስለዚህ አገጣጠሙ ወሳኝ ነው። ላላ ብሎ ከተንጠለጠለ በንፋስ እየተወዛወዘ ራሱ ቀስቃሽ ይሆናል። ከጠበቀ ደግሞ አፍንጫው ሲሰፋ ይይዘዋል። ዳማ ላይ የሚሰራው ጠርዙ የላይኛውን ከንፈር ጢም ነክቶ ሲቆም ነው። አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ ካለ ለውጡ ግልቢያው ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ውጤቱስ? ደመናማ በሆነ ቀን እና ማለዳ ላይ መነቅነቁ ለማለት ይቻላል ይጠፋል። አልፎ አልፎ አንዴ ጎንተል ያደርገዋል እንጂ ሶምሶማችንን አናቋርጥም። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ግማሹን ያህል ይቀንስለታል። ንፋስና አቧራ ሲደራረቡ ግን መረቡ ምንም አይፈይድም፤ እንደዛ ባለ ቀን አልጋልበውም። ይህን አስምሬበት መናገር እፈልጋለሁ። መረቡ ሕመሙን ስላቀለለ ብቻ ፈረሱን በመጥፎ ቀን ማስገደድ ተገቢ አይደለም። አፍንጫውን እግሩ ላይ መፈተግ ከጀመረ እኔ ወርጄ ወደ ጥላ ነው የምወስደው።

የሁሉም ፈረስ ዕድል እንደ ዳማ አይደለም። ከአራት ፈረስ ቢበዛ አንዱ ሰባ በመቶ የሚደርስ መሻሻል ያገኛል ይባላል። ቀሪዎቹ ወይ ትንሽ ይሻላቸዋል ወይ ምንም አይሻላቸውም። እኔ አሁንም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው ባይ ነኝ። ርካሽ ነው፣ ከባድ ጉዳት የለውም፣ እንደ መድኃኒት አያፈዝም።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ቬልክሮው በበጋው መሃል ላይ ፀጉርና ድርቆሽ ሞላበትና መያዝ አቃተው። በመርፌ እየለቀምኩ አጽድቼ ትንሽ ቆየልኝ፣ በኋላ ግን መቀየር ግድ ሆነ። መረቡ ውሃ ሲጠጣ ይረጥባል፤ የረጠበ መረብ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ይለጠፍና ያስነጥሰዋል፣ ስለዚህ ከጠጣ በኋላ በፎጣ አደርቅለታለሁ። ንፍጥና አቧራ ተጋግሮ ሲደርቅ ደግሞ ቆዳውን ይልጣል። አፉ ጥግ ላይ ፀጉሩ ሳሳ ሲል ያየሁት ከዚህ ነው። ማታ ማታ በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥባለሁ፤ ሽታ ያለው ሳሙና አልነካም። ግጦሽ ላይ ሲለቀቅ መረቡን አላደርግለትም፤ አጥር ላይ ቢያዝ ፊቱን ይጎዳዋል። ለዚያ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል የዓይን ጭንብል አለው፣ ሲጎተት ራሱ የሚፈታ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዢ ብባል መረቡን እመርጣለሁ። ጭንብሉ ግን ብርሃን ለሚቀሰቅሰው ፈረስ በእጅጉ ይረዳል።

መረብ ካልበቃ ሌላም መንገድ አለ። ማግኒዥየም በደም ሥር ሲሰጥ መነቅነቁን በ29 በመቶ እንደቀነሰ የዴቪስ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ በቤት ውስጥ በመኖ ከመስጠት በፊት ግን ደሙ ይመርመር። ሳይፕሮሄፕታዲንና ካርባማዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች አንዳንዱን ይረዳሉ፣ አንዳንዱን ያደነዝዛሉ፣ ውድድር ላይም ያስቀጣሉ። እንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሕክምና ደግሞ በቀጭን መርፌ ነርቩን በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ከታከሙት ፈረሶች ግማሽ ያህሉ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፣ ውጤቱ የሚቆይበት ጊዜ ግን ከፈረስ ፈረስ ይለያያል። ሐኪማችን ለዳማ እስካሁን አያስፈልገውም ትላለች።

ልትሞክሩ ካሰባችሁ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ የአየር ሁኔታ አንዴ ያለ መረቡ፣ አንዴ ከመረቡ ጋር በስልካችሁ ቅረጹት። ዓይን ተስፋ የሚያደርገውን ማየት ይወዳል፣ ቪዲዮው ግን አያዳላም። ውድድር የምትገቡ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ደንቡ መረብ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። ቪዲዮውንም ለሐኪማችሁ ላኩላት፤ ቀጣዩን መድኃኒት የምትመርጠው ከእሱ ተነስታ ነው።