ግራምፕስ፦ የቤተሰብ ስም ለሌለን ሰዎች የሚሆን የዘር ሐረግ ሶፍትዌር

ዘር ቆጠራ በሞባይል አፕ ጀምረው መሀል ላይ የተዉት ብዙ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ስለማውቅ ግራምፕስ ስለሚባለው ሶፍትዌር ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ሲጀመር ነጻ ነው፣ የሆነ ያህል ሰው ካስገባህ በኋላ ክፈል የሚል ነገር የለውም፣ ከ2001 በፈረንጅ ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነው። ኮምፒውተር ላይ ነው የሚጫነው፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል። አንዴ ከጫናችሁት ለመመዝገብ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ዳታውም የሚቀመጠው እናንተው ላፕቶፕ ላይ ነው።

እነዚያ አፖች ለኛ ሰው የማይመቹት ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከቤተሰብ ስም ስለሆነ ነው። እንበል አያትየው ይማም ናቸው፣ ሰይድና አሊ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ አሊ አሜሪካ ሄደ፣ ሰይድ ኮምቦልቻ ቀረ። የአሊ ልጆች እዛ ሲመዘገቡ መጨረሻ ስማቸው ይማም ይሆናል፣ የሰይድ ልጆች እዚህ የአባታቸውን ይዘው ሰይድ ይባላሉ፣ በቃ የወንድማማች ልጆች ሆነው ወረቀት ላይ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ይማም ብላችሁ ሰርች ስታደርጉ ደግሞ ከናንተ ጋር በምንም የማይገናኝ ከቱርክ ከፓኪስታን ሳይቀር ይመጣላችኋል። እኔ የሞከርኩት አንዱ አፕማ እናቴንና አባቴን ስማቸው አይመሳሰልም ብሎ ተሳስተሃል እያለ ያስቸግረኝ ነበር።

ግራምፕስ ላይ ግን የቤተሰብ ስም የሚለውን ሳጥን ባዶ መተው ይቻላል፣ ወይ የአባቱን ስም ጽፋችሁ ከጎኑ ካለው ዝርዝር ላይ ከአባት የመጣ ነው የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ከዛ በኋላ ሰዉን የሚያያይዘው ስሙ ሳይሆን የማን ልጅ ነው የሚለው ነው። የኛ አቆጣጠር እኮ ድሮም እንደዚሁ ነው፣ እገሌ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ እየተባለ ወደላይ መውጣት።

ለወሎ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ለአንድ ሰው ብዙ ስም መስጠት መቻሉ ነው። እዚሁ ደሴ ጎን ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 አፄ ዮሐንስ ጉባኤውን ካደረጉ በኋላ የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሆኑ፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። እንደሳቸው ስሙ የተቀየረ ቅድመ አያት ያለው ቤተሰብ በየሰፈሩ አለ፣ አንዱ ወገን በእስልምና ስሙ ያነሳዋል ሌላው በክርስትና ስሙ፣ ሁለቱን የማያውቅ ልጅ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እዚህ ሁለቱንም ስም አንድ ሰው ስር ታስገባላችሁ፣ የተቀየረበትን ጊዜም ትጽፋላችሁ። የጡት ልጅም ቢሆን፣ ከሌላ ሚስት የተወለደም ቢሆን ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ የሚመረጥበት ቦታ አለው።

ስደቱን በተመለከተ፣ በኔ ቤተሰብ ትልቁ ክፍተት የ77ቱ ድርቅ ነው። መንግሥት በ77ና 78 ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲያግዝ ትልቁ ድርሻ ከወሎ ነበር፣ ከኛም የአባቴ ወንድም ከወረባቦ ተነስቶ ፓዊ ገባ። ለእያንዳንዱ ሰው የኖረበትን ቦታ ከነዘመኑ ስታስገቡ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ ካርታ ላይ ያሳያችኋል (ለካርታው ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስም መሙላት አለባችሁ)። አንድ ቦታ ድሮ ወሎ ክፍለ ሀገር ስር፣ አሁን ደቡብ ወሎ ዞን ስር ነው ብሎ በዘመን ለይቶ ማስቀመጥም ይቻላል፣ ይሄን ሌላ ቦታ አላየሁትም።

የጎደለው የኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። የሂጅራ አለው፣ የዕብራይስጥ አለው፣ የፋርስ ሳይቀር አለው፣ የኢትዮጵያ የለም። ስለዚህ እየቀየራችሁ ነው የምታስገቡት፣ ደግነቱ ግምታዊ ቀን ይቀበላል፣ «በ77 ነው የሞተው» ብቻ ከተባላችሁ በፈረንጅ ከመስከረም 1984 እስከ መስከረም 1985 ባለው መሀል ብላችሁ ታስገቡና አረጋውያኑ ያሉትን እንዳለ ማስታወሻው ላይ ትጽፋላችሁ። ሌላው ደግሞ በተን ይበዛበታል፣ መልኩም የቆየ ነው፣ ቀጥታ ስልክ ላይ የሚጫን አፕም የለውም።

ዋናው መረጃ ግን ያለው ሽማግሌዎቹ ጋ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ ከዛ በፊት የነበረውን የምታገኙት ከሰው አፍ ነው፣ በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ እዚህ ከተማ ቤቱም ቢሮውም ወረቀት የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከላፕቶፑ በፊት የስልካችሁን ሪከርደር ይዛችሁ ሂዱ፣ የተቀዳውንም እዛው ሰውየው ስር ማያያዝ ትችላላችሁ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ቡና እያፈላች ስትቆጥርልኝ ሰባት ቤት ያለ ምንም መደናቀፍ ወጣችና አንድ ቦታ ላይ ድምጿን ቀነስ አድርጋ «ይሄን እንኳ አትጻፈው ልጄ፣ ልጆቻቸው አሉ» አለችኝ። ለእንዲህ ዓይነቱም መፍትሔ አለው፣ እያንዳንዱ መረጃ ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች፣ እሷን ከተጫናችሁ ፕሪንት ስታደርጉ ወይ ለሌላ ሰው ስትልኩ የተቆለፈው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል። አክስቴን ይህን አሳይቻት ነው የቀረውን የነገረችኝ።

ሁለት ሰው መርጣችሁ ምን እንደሚዛመዱ የሚነግራችሁ መሣሪያም አለው፣ የጋራ አያታቸውን ያወጣል። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ቤተሰብ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የዝምድና አቆጣጠሩ የፈረንጅ ስለሆነ ግን ቤቱን ራሳችሁ ቻርቱ ላይ ቁጠሩት። ክብ ሆኖ የሚወጣውን ቻርት ፒያሳ ባነር ቤት በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፣ ግዕዙ ጥርት ብሎ ነው የወጣው።

ባክአፕ እንዳትረሱ። ጌድኮም በሚባለው ፎርማት ካወጣችሁት ሌሎች የዘር ሐረግ ፕሮግራሞችም ያነቡታል። እኔ አንድ ኮፒ ፓዊ ላለው የአጎቴ ልጅ በፍላሽ ልኬለት እሱ እዛ የተወለዱትን እየሞላ ነው፣ ሲመልስልኝ ከኔው ጋር አዋህደዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ የገባ ሰው ካለም የሚፈልግ መሣሪያ ስላለው በሱ አጣራዋለሁ።