ኤችቶፕ በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፦ ከወራት በኋላ የምለው

ኮምፒውተራችሁ ተንቀራፎባችሁ አዲስ ልትገዙ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ኤችቶፕን ጫኑና ትንሽ ቀን ተከታተሉት። እኔ ወራት ተጠቅሜበታለሁ። ከጫንኳቸው ነጻ ፕሮግራሞች ሁሉ የዚህን ያህል ገንዘብ ያዳነልኝ የለም።

ኤችቶፕ በሊኑክስ ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት ውስጥ የሚሠራ መከታተያ ነው። ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት፣ ራሙ ምን ያህል እንደተያዘ፣ የትኛው ፕሮግራም ምን እየበላ እንደሆነ በየ1.5 ሰከንዱ እያደሰ ያሳያችኋል። ሂሻም ሙሐመድ የተባለ ብራዚላዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2004 ጀመረው፤ ከ2020 ወዲህ ሌሎች ፈቃደኞች ተረክበውት እያሳደጉት ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። የእኔ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጭኜ ተርሚናል ከፈትኩ፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤችቶፕ» የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ፣ አለቀ። የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ አትደናገጡ፣ እየተቀበለ ነው። የሚወርደው ፋይል ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሆነ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀምም አይከብድም፣ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው። ዴስክቶፑ 4 ጊጋባይት ራም ነበረው። ብሮውዘር ላይ ብዙ ታብ ከፍቼ ከጎኑ ረጅም ሰነድ ስጽፍ ስታክ ያደርጋል፣ ማውዙ ራሱ አልንቀሳቀስ ይላል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» ነው የሚለኝ። ኤችቶፕ ያሳየኝ ግን ሌላ ነው። ስታክ በሚያደርግበት ሰዓት የፕሮሰሰሩ መስመሮች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ራሙ ጢም ብሏል፣ ከሥሩ ያለው የስዋፕ መስመርም እየሞላ ነው። ስዋፕ ማለት ራም ሲጠብ ሊኑክስ የተወሰነውን ዳታ ወደ ዲስክ የሚያወጣበት ቦታ ነው። የእኔ ዲስክ ደግሞ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሎድ አቬሬጅ የሚለውን፣ ማለትም እየሠሩ ወይም ተራ እየጠበቁ ያሉ ሥራዎችን አማካይ ብዛት የሚያሳየውን ቁጥርም ልብ በሉት። እሱ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ከፈታ ብዙ ጊዜ ችግሩ ዲስክ ነው፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ዲስክ የሚጠብቁ ፕሮግራሞችንም እዚህ ቁጥር ውስጥ ያስገባቸዋል። ዝርዝሩ ላይ ሁኔታቸው ዲ በሚል ፊደል ይታያል። ይህን ካየሁ በኋላ አዲስ ኮምፒውተር መግዛቱን ተውኩት፣ ያገለገለ ራም ጨምሬ 8 ጊጋባይት አደረስኩት። ፕሮሰሰሩ ያው ነው። ስታክ ማድረጉ ግን ቀረ።

የራሙ መስመር ሞልቶ ስታዩ ወዲያው አትጨነቁ። አረንጓዴው ነው ፕሮግራሞች በእርግጥ የያዙት። ቢጫው ካሽ ነው፣ ሊኑክስ ለፍጥነት ብሎ ያቆየው ዳታ፤ ሲያስፈልግ ይለቀቃል። ብሮውዘሩ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ቦታ ቢታያችሁ ደግሞ ትልቁን ኤች ተጫኑ፤ ክሮች የሚባሉት፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሥራዎች፣ ይደበቃሉ፣ እነሱ የሚጋሩትን አንድ ራም ደጋግማችሁ ከመደመር ትድናላችሁ።

አልዘጋ ያለ ፕሮግራም ካለ ዝርዝሩ ላይ መርጣችሁት ኤፍ 9 ተጫኑ። ከሚመጡት የመዝጊያ ምልክቶች መጀመሪያ 15 ቁጥርን ላኩ፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ሰብስቦ የመዝጋት ዕድል ያገኛል። 9 ቁጥር ምንም ጊዜ አይሰጥም፣ ሴቭ ያላደረጋችሁት ይጠፋልና የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ይህን ነው፦ ዴስክቶፑ ደርቆ መስኮት አልከፍት ሲል ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3 ተጭኜ ወደ ጽሑፍ ስክሪኑ እሻገራለሁ፣ ገብቼ ኤችቶፕን እከፍታለሁ፣ ጥፋተኛውን አገኘዋለሁ። ባለመስኮቱ መከታተያ በዚያ ሰዓት አይደርስላችሁም። ፓወሩን ተጭኖ ከማጥፋት ብዙ ጊዜ አድኖኛል፣ በተለይ ያልጨረስኩት ሥራ ተከፍቶ ሳለ።

ያልወደድኩትም አለ። የሚያሳየው የአሁኑን ብቻ ነው፣ ሌሊት ምን እንደተፈጠረ ልጠይቀው አልችልም፤ ለዚያ ኤቶፕ የሚባለው እየመዘገበ ስለሚያስቀምጥ ይሻላል። አንዳንድ ተርሚናሎች ላይ ኤፍ 10 ስትጫኑ በመዝጋት ፈንታ የተርሚናሉ ሜኑ ይከፈታል፣ ኪው የሚለውን ፊደል ተጠቀሙ። አማርኛም የለውም፣ ይህ ያሳዝነኛል፤ ለጀማሪ ልጆች ሳሳይ እያንዳንዱን ቃል ማስረዳት አለብኝ።

በጣም የጎደለኝ ደግሞ የኢንተርኔት ፍጆታ ነው። የትኛው ፕሮግራም ዳታዬን እየጨረሰ እንደሆነ አይነግረኝም። ለእሱ ኔትሆግስን ለብቻ ጭኛለሁ። አጫጫኑ ተመሳሳይ ነው፣ ስትከፍቱት ግን ከፊቱ ሱዶ ጨምሩበት።