የ3 ዶላር ሲምፎኒ፦ ከናክሶስ ሲዲ ጋር 8 ወር

ይሄን ሲዲ የገዛሁት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በ3 ዶላር ነው። ድቮርዣክ የሚባል የቼክ ሙዚቃ ደራሲ 9ኛ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የተጻፈ፣ ክፍል ክፍል ያለው ረጅም ሙዚቃ)፣ ተጫዋቹ ባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ ኮንዳክተሯ ማለትም ኦርኬስትራውን የምትመራው ማሪን ኦልሶፕ፣ አሳታሚው ናክሶስ። ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ምንም አላውቅም ነበር፣ ከባልቲሞር ብዙም በማትርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስለምኖር ባልቲሞር የሚለውን ሳይ አነሳሁት፣ መኪናዬም አሮጌ ስለሆነች ሲዲ ታጫውታለች።

መጀመሪያ ርካሽ ነገር መቼም ጥሩ አይሆንም ብዬ ነበር። ናክሶስን ክላውስ ሃይማን የሚባል ጀርመናዊ በ1987 ሆንግ ኮንግ ነው የጀመረው፣ ያኔ ለትልልቅ ስሞች ብዙ ከመክፈል እነ ብራቲስላቫና ቡዳፔስት ያሉ ኦርኬስትራዎችን እየቀረፀ በቅናሽ ይሸጥ ነበር። እኔም ለማወዳደር ብዬ ከሰፈር ላይብረሪ በጣም የታወቀ ቅጂ ተውሼ ሁለቱን እያፈራረቅኩ ሰማሁ፤ ልዩነት አለ፣ ያኛው ይከብዳል፣ ይሄኛው ቀለል ጥርት ያለ ነው፣ ግን ለጀማሪ ጆሮ ተጨማሪ 15 ዶላር የሚያስወጣ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የሲምፎኒው ሁለተኛው ክፍል። ላርጎ ይሉታል። ኢንግሊሽ ሆርን የሚባል ትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን ቀስ ብሎ ይገባና አንድ ዜማ ይጫወታል፣ እኔ ስሰማው ይሄንንማ አውቀዋለሁ አልኩ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፦ ዜማው ሲጀምር በአራት ድምፅ ነው የሚሄደው፣ አራቱም ከእኛው ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ውስጥ ናቸው! ድቮርዣክ ይሄን የጻፈው በ1893 ኒውዮርክ ሆኖ ነው፣ ከአገሩ ከቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) መጥቶ እዛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር፣ ሰው አገር ቁጭ ብሎ ማለት ነው። አንድ ቀን ከእማዬ ጋር በስልክ ስናወራ ከኋላ እየተጫወተ ነበርና "ይሄ ደሞ የማን ትዝታ ነው?" አለችኝ። ክላሲካል የነጭ ሙዚቃ ነው፣ ለእኛ አይሆንም ለሚል ሰው ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

መኪና ውስጥ ግን ይቸግራል። ሲምፎኒው ሲጀምር ቼሎዎቹ (ትልልቅ ቫዮሊን የሚመስሉት) የሚጫወቱት በጣም ዝግ ብለው ስለሆነ ሀይዌይ ላይ ምንም አይሰማም፣ ድምፁን ስትጨምሩ ደሞ ትንሽ ቆይቶ መላው ኦርኬስትራ ከነከበሮው ይፈነዳና ያስደነግጣል። ስለዚህ ማታ ቤት በሄድፎን ስሙት፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በነፃ አፕም ሞክሬው ነበር፣ በየክፍሉ መሀል ማስታወቂያ እየገባ አበላሸብኝ፣ ሲዲውን ከዛ ወዲህ ነው የበለጠ የወደድኩት።

ሌላው ደግሞ በየጊዜው አዲስ ነገር ይገኝበታል። መጨረሻው ክፍል ላይ ሲምባል የሚባለው የነሐስ ሳህን አንዴ ብቻ ይመታል፣ በሙሉ ሲምፎኒው አንዴ፣ እሱም በቀስታ፣ እኔ የለየሁት በስድስተኛው ወር ነው።

የሱቁ ሲዲ ጭረት ነበረበት፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ቦታ ይዘላል፣ ያገለገለ ስትገዙ ጀርባውን ብርሃን ላይ እዩት። አሁን የቤትሆቨንን 5ኛ ከዛው ከናክሶስ ጀምሬያለሁ፣ ቤላ ድራሆስ የሚባል ኮንዳክተር ቡዳፔስት ላይ ያስቀረፀውን፣ ሦስተኛው ክፍል ሳያቋርጥ አራተኛው ውስጥ ሲገባ እስካሁን ሦስት ማታ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።