በውጭ አገር መኪና ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁን ልትጠይቁ የምትሄዱ የደብረ ብርሃንና የደብረ ሲና ሰዎች፣ እኛን የደረሰብን እናንተን እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

እህቴ የምትኖረው ሙኒክ ነው። ከዚያ መኪና ተከራይተን ወደ ሮም ሄድን፤ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ጣሊያን የሠራውን የጣርማበር ዋሻ በጉም ስሻገር የኖርኩ ሾፌር ነኝና መንገዱ አላስፈራኝም። እውነትም መንገዱ አልጎዳኝም። የጎዳን የመኪናው ኪራይ ውል ነው።

በስልክ ያየነው ዋጋ በጣም ርካሽ ነበር። መኪናውን ልንረከብ ስንሄድ ሌላ ወሬ መጣ። መያዣው በሾፌሩ ስም በወጣ ክሬዲት ካርድ ብቻ ነው አሉን። እኔ የለኝም። ስለዚህ ውሉ በእህቴ ልጅ ስም ሆነ፤ እኔ "ተጨማሪ ሾፌር" ተባልኩና የቀን ሒሳብ ታከለብን። ኢንሹራንስ አለው ሲሉም ሙሉ መስሎን ነበር። ለካ መኪናው ቢጎዳ የመጀመሪያውን ብዙ መቶ ዩሮ የምንችለው እኛው ነን። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ደግሞ ጭራሽ አይገቡበትም። ነዳጁንም በእነሱ ዋጋ ሙሉ ታንከር አስቀድመው አስከፈሉን፤ የተረፈው አይመለስም። ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ሰውየው ያጣድፋል። ልጁም "ጋሼ፣ ሁሉም ጋ እንዲህ ነው፣ እንፈርምና እንሂድ" አለኝ። ፈረምን። የተበላነው እዚህ ጋ ነው።

የመንገድ ክፍያም ለብቻ ነው። ጀርመን ለቤት መኪና አያስከፍልም። ኦስትሪያ ግን አውቶባን (ፈጣን መንገድ) ላይ ሳትወጡ ቪኜት የሚሉትን የመንገድ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ፤ ወደ ጣሊያን ተራራውን የሚያሻግረው የብሬነር መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍያ አለው። ጣሊያን እንደ አዳማው ፈጣን መንገድ ነው፤ ስትገቡ ቲኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ቲኬቷን አደራ፤ ከጠፋች ከሩቁ መግቢያ እንደመጣችሁ ይታሰባል። ቴሌፓስ (ሳይቆሙ የሚከፈልበት መሣሪያ) ብቻ የሚል ቢጫ ምልክት ያለበት መስመርም ውስጥ አትግቡ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን የፍሎረንሱ ነው። ምሳ ልንበላ መሃል ከተማ ገባን። ለካ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል ነው። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው፤ ካሜራ ብቻ። ከወራት በኋላ ቅጣቱ በእህቴ ልጅ ስም መጣ። አከራዩ ደግሞ የልጁን ስም ለፖሊስ ስላሳወቀ ብቻ "የአገልግሎት" ብሎ ከካርዱ ቀድሞ ቆርጧል። ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ይህም ውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር።

እባካችሁ፣ ሰልፉ ቢረዝምም ቆማችሁ ጠይቁ። ጠቅላላው ስንት ነው? ቢጋጭ እኛ የምንከፍለው እስከ ስንት ነው? ድንበር መሻገር ተፈቅዷል? ይህን በጽሑፍ አስይዙ። ነዳጁን ሙሉ ተረክቦ ሙሉ መመለስ የሚል ውል ምረጡ። ስትረከቡ ዙሪያውን በስልክ ቅረጹ፤ ጎማውንም፣ የነዳጁን ጌጅም። ስትመልሱ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ። ሰው አይቶላችሁ፣ መኪናው ደህና ተመልሷል የሚል ወረቀት ተቀበሉ።