ፒኤችና ኮንዳክቲቪቲን አንድ ላይ የሚለካው የጠረጴዛ ሜትር፦ ለማን ይሆናል?

ፒኤችን (የአሲድነት ልክን) እና ኮንዳክቲቪቲን (ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) በአንድ አካል የሚለካው የጠረጴዛ ሜትር ለአብዛኛው የላቦራቶሪ ሥራ ይበቃል። ሲመረጥ ግን ዓይን ሳጥኑ ላይ መቅረት የለበትም፤ የሚለካው ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ ነው። እሱ ደግሞ በደንብ ቢያዝም ከ1 እስከ 2 ዓመት ቢያገለግል ነው።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት፣ ስክሪኑ ካሊብሬሽን (በታወቀ ፈሳሽ ማስተካከል) ካለቀ በኋላ ስሎፑን (ለአንድ የፒኤች ልዩነት የሚሰጠውን ሚሊቮልት) እና ኦፍሴቱን (በፒኤች 7 ከዜሮ የራቀበትን) በቁጥር ማሳየቱ ነው። «ተሳክቷል» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሞዴል ለምርምር አይሆንም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ የፒኤች ልዩነት 59.16 ሚሊቮልት ይጠበቃል። ስሎፑ ከ95 በመቶ ከወረደ፣ ወይም በ7.00 በፈር (ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ) ውስጥ ንባቡ ከዜሮ በ30 ሚሊቮልት በላይ ከራቀ፣ መጠርጠር ያለበት የቆሸሸ ኤሌክትሮድ ወይም የተበላሸ በፈር ነው። 10.01 በፈር ክፍት ከዋለ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ፒኤቹ ይወርዳል። ቢከር ውስጥ የዋለ በፈር ደግሞ ወደ ጠርሙሱ በፍጹም አይመለስም።

የዚህ ዓይነቱ ሜትር ትልቁ ወጥመድ ማቀፊያው ነው። ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ጎን ለጎን ስለሚይዝ፣ አንድ ቢከር ውስጥ አብሮ መንከር ተፈጥሯዊ ይመስላል። ነገር ግን የፒኤች ኤሌክትሮዱ ከሪፈረንሱ (ከውስጠኛው ማነጻጸሪያ ክፍሉ) ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው ትንሽ በትንሹ ያፈሳል። ጨው በበዛበት ናሙና ላይ ይህ አይታወቅም፤ አዮን ባነሰበት ውሃ ላይ ግን የኮንዳክቲቪቲው ቁጥር እዚያው ዓይን እያየ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ኮንዳክቲቪቲው ይቅደም፣ ፒኤቹ ይከተል፤ ናሙናው ከበቃ በተለያየ ቢከር ቢሆን ይመረጣል።

አብሮ የሚመጣው የኮንዳክቲቪቲ ሴል ብዙ ጊዜ ኮንስታንቱ (የሴሉን ቅርጽ የሚገልጸው ቁጥር) 1.0 ነው። በ1413 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ስታንዳርድ ካሊብሬት ተደርጎ ለአፈር ውህድና ለበፈር በቂ ነው። እጅግ የተጣራ ውሃ ለሚለካ ግን ኮንስታንቱ 0.1 የሆነ ሴል ያስፈልጋል። የዚህ ውሃ ንባብ በ25 ዲግሪ 0.055 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር መሆን ሲገባው፣ ክፍት ቢከር ውስጥ በአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ወደ 1 ይጠጋል፤ ይህ የሜትሩ ጥፋት አይደለም። ንባቡ ያለምክንያት ካነሰ ሴሉ ውስጥ የአየር አረፋ ይኖራል፤ ሴሉን አጋደል አድርጎ ማስገባትና ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ያስወጣዋል።

ስለ ሙቀት ማካካሻው የሚነገረውን ሁሉ ማመን አይገባም። በፒኤች በኩል የሚያስተካክለው የኤሌክትሮዱን ስሎፕ ብቻ እንጂ የናሙናውን ለውጥ አይደለም። ለባዮሎጂ ሥራ የሚውለው የትሪስ በፈር ፒኤች በእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.028 ገደማ ስለሚቀያየር፣ በ25 ዲግሪ 8.0 የተደረገው በ4 ዲግሪ ወደ 8.6 ይጠጋል። ፒኤቹ መስተካከል ያለበት በፈሩ በሚሠራበት ሙቀት ላይ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። የፒኤች ኤሌክትሮዱ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ይቀመጥ፤ የተጣራ ውሃ ውስጥ ካደረ ምላሹ ይዘገያል። ብርጭቆው አይታሽ፤ በለስላሳ ወረቀት ጠብታው ብቻ ይነሳ። የሚሞላ ዓይነት ከሆነ በመለኪያ ሰዓት የመሙያ ቀዳዳው ይከፈት። ፕሮቲን ከያዘ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተሟሟ ፔፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) ያጸዳዋል።

ለትምህርት፣ ለአፈርና ለበፈር ዝግጅት ይህን ሜትር ያለማመንታት መግዛት ይቻላል። ትሪስና ፕሮቲን የሚያዘወትር ባለ ድርብ ጃንክሽን (ሪፈረንሱን ከናሙናው በሁለት መገናኛ የሚለይ) ኤሌክትሮድ አብሮ ይዘዝ፤ ዋና ሥራው ንጹሕ ውሃ የሆነ ደግሞ ለኮንዳክቲቪቲ ራሱን የቻለ፣ ውሃው አየር ሳይነካው እየፈሰሰ የሚለካ ሜትር ይፈልግ።